ያጠብኳቸው ቀን

ነቬ ዞሃር፣ ከሰዶም ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጥላ የሌለው ሰማይ፤
ሺፍራ ብልቃጥ ሰጠችኝ፣ ውስጡ ቀይ።
«ደም ነው?» አልኳት። «ነፍስ ነው» አለች፣ «አይታይሽም ወይ?»

ዝናብ የበዛበት ክረምት፣ ባሕሩ የቀላ ዓመት
ከመሐል የተቀዳ ዘር፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ፣
በእንክብካቤ ያቆዩት።
ሙት ያሉት ባሕር ይህ ነው። ስሙን ያወጣለት
መንጠቆ ይዞ መጥቶ ምሳው የቀረበት
ሰው ይሆናል። አንዲት ጠብታ በማይክሮስኮፕ ላየማ
ግፊያው የዓርብ ገበያ ነው፣ ሰንበት ሊገባ ሲጣደፍ ከተማ።

ሁለተኛ ቀኔ ነበር። ማንም ሳያዘኝ
በብልቃጡ አፍ የጋገረው ጨው አሳዘነኝ።
«እናንተ ምስኪኖች» ብዬ፣
እንደ ሩቅ አገር እንግዳ እግር፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ዝቅ ብዬ፣
በንጹህ ውሃ
አጠብኳቸው።

ድፍርሱ ጠራ። ቀዩ ፈዘዘ። ብልቃጡን ባዘነብል
ተዝለገለገ፣ እንደ ተልባ።
አንድም አልነበረ «ተይ» የሚል።

ሺፍራ አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።
«ያቺ አረንጓዴዋ አልጌ» አለች፣
«ጨዉን ከደጅ አስቀርታ ግሊሰሪን ትሠራለች፤
ውሃዋ እንዳይመጠጥ ሆዷን በሱ ትሞላለች።»
(ግሊሰሪን! እናቴ ለተሰነጠቀ ተረከዟ የምትቀባው።)
«እነዚህ ግን በር አልዘጉም። ፖታሲየሙን አስገቡት
ውስጡ እንደ ደጁ እስኪከብድ፤
ከዚያ ፕሮቲናቸውን ሁሉ አንድ በአንድ
በጨው ልክ ሰፉት።
ጨው ሲርቅ ስፌቱ ይተረተራል፤
ውሃው ደግሞ ይገባል፣ ይገባል፣ ይገባል።
ያ እድፍ አልነበረም» አለች።

ማታ ለአባቴ ደወልኩ፣ ናሃሪያ። አምና ነው ያዛወርነው፤
ሣር አለ፣ ዝናብ አለ፣ የልጅ ልጅ አለ ብለን ነው።
ሃያ ስድስት ዓመት በሰዶም ኩሬዎች ግድብ የተመላለሰ፣
ጫማው በየሦስት ወሩ በጨው የፈረሰ፣
ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ሳለ የሚያፏጭ ጀጃው
አሁን ሾርባው አልጫ ነው፣ ነፋሱ አልጫ ነው፣
የጎረቤቱ ሰላምታም አልጫ ነው።
«አሞሃል?»
«የት ያመኛል! ውሃው ነው። ስታጠብ ሳሙናው አልለቅ ይለኛል።»

ስለ ብልቃጡ ነገርኩት።
«ሁሉንም?»
«ሁሉንም።»
በስልኩ ውስጥ ትንፋሹን ሰማሁት።
ልጅ ሳለሁ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይል ነበር፣
ቀሪውን ሳይጨርሰው፣ ቀበቶውን እየታጠቀ፣
የሌሊቱ አውቶቡስ ከታች ጡሩምባ እየነፋ።

በወሩ ሁለት ጉማጅ ጨው ከኩሬው ዳር ለቀምኩ።
አንዱን ለሺፍራ። በመብራት አይታው ስትስቅ ሰማሁ፦
«በመሐሉ ጠብታ አለች፤ ጨው ሲረጋ አጥሮ ያስቀራት።
እዚያ ይቀመጣሉ። ስንት ዘመን? እንጃ። እንሞክራት።»
ሁለተኛውን በመሃረብ፣ በባቡር፣ ናሃሪያ ድረስ።

አባቴ ወደ ብርሃን አዘነበለው።
አረፋዋ እንደ ውሃ ልክ ወዲያ ወዲህ አለች፤
የግድብ ሰው አይደል፣ እስክትቆም ጠበቃት።
ከዚያ ሊልሰው ምላሱን ሲያወጣ
«ተው አባ» አልኩት፣ «ሰው አለበት።»
እውነት መስሎት አይደለም፤ ምላሱን ግን መለሰ።

ውጭ ዝናብ ጀመረ።
ጨዉን ከመስኮቱ ደፍ አንስቶ
የመነጽሩ ማህደር ውስጥ ከተተና
ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ።