የቀለበቱ ቁጥር

አባቴ ሲመዝን ብር ነበር ድሮ፣
የሙሽራ አምባር፣ ያንገት ድሪ ቋጥሮ።
ዛሬ በዚያው ሚዛን፣ በስንዴ ፍሬ ልኬት
ባሩድ ይመዝናል፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ልክ እንደ ሶላት።
አንዲት ቅንጣት ብትተርፍ በመርፌ ጫፍ ያነሳል፤
"ጥይትም እንደ ቀለበት ነው፤ ያለልኩ ጣት ያቆስላል።"
ቀልሃ አይጣልም ቤታችን፤ ይፈተጋል፣ ይታጠባል፣
መስኮቱ ላይ ተሰልፎ እንደ ጉትቻ ያበራል።
ጠበንጃው ያያቴ ምንሽር፣ ፈቃዱ በወረዳ ማኅተም፤
ከከርከሮ ሌላ ጠላት የለንም፣ ማሽላችንን ከሚያወድም።

ጣጣው የመጣው ከደሴ ነው፤ ኑርዬ፣ ያክስቴ ልጅ፣ ያመጣው፤
ጥቁር መነጽር ባለ ቀለበት፣
ከአራት እስከ አሥራ ስድስት እጥፍ የሚያቀርብ፣ ለሚያዞረው።
ማሠሪያውን አባቴ ራሱ ከናስ ሠራ።
ከዚያ ስንት ሺህ ቀለበት በሠራ ጣቱ
ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ።

"አራት ይበቃል፣ ይማም" አለ አያ አራጋው ጎረቤታችን፤
"በባዶ ዓይን አይደል ወይ ጅብ የመለስነው ከደጃችን?"
ኑርዬ ሳቀ፤ "አሥራ ስድስት እያለ አራትን ማን ይላል?
ቅርብ ያየ ቅርብ ይመታል።"
አባቴ ዝም።
እሱ የሚፈልገው ከርከሮ አይደል፤ ወረቀት ነው፣ የተሰመረ፣
አምስት ቀዳዳ ከአንድ ስሙኒ ሥር ተቃቅፎ ያደረ።
ባሩዱ ልክ ነው ወይስ አይደለም? ይኼ ነው ያባቴ ጥያቄ፤
ዓይን የራሱን ሕመም በባሩድ ካላከከ፣ ምን ሊረባ ጥንቃቄ?

ከሐይቅ በኩል ጉም ሲነሳ፣ ቢስቲማ ገና ሳትነቃ፣
ወረድን ወደ ደረቁ ወንዝ፤ ደብተሩ በእኔ፣ ምንሽሩ በሱ ጫንቃ።
ጆንያ በአሸዋ ሞልተን፣ መቶ እርምጃ ቆጥሬ
ካርቶኑን ከገደሉ ግርጌ አቆምኩ፣ ወረቀቱን በግራር እሾህ ወጥሬ።

ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አዞረው። አሥራ ስድስት።
ዓይኑን አስጠጋ።
ቆየ።
ነቀለና እጁን አየው፤ ደግሞ አስጠጋ።
"ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል" አለኝ። "ንፋስ አለ እንዴ?"
ቅጠል አልተነቃነቀም። "አለ" አልኩት "አንዳንዴ።"

አምስት ተኮሰ። ሄጄ ለካሁ በልብስ ሰፊ ሜትር፤
አምስቱም ተኳርፈዋል፣ እንደ ተካፈለ ርስት፣ እንደ ተጣላ ዘር።
ባሩድ ቀነሰ። ተራራቁ።
ሌላ ልክ ሞከረ። ደግሞ።
ረፋድ ላይ አሸዋው ጋለ፤ መሬቱ መፍላት ጀመረ፤
በአሥራ ስድስቱ ውስጥ አየሩ እንደ ወንዝ ፈሶ ወረቀቱን ይዞ ዞረ።
"ማቅረብ ብቻ ማየት አይደል" አለ፤ "ይኸው ትርታዬን አገነነብኝ፣
የገዛ ደሜን እንደ ከበሮ ከወረቀቱ ላይ መታብኝ።"

ወደ አራት መለሰው። ወረቀቱ ረጋ፤ ጸጥ አለ፤
ነጥቡ ግን ትንኝ አከለ፤
የመስቀለኛው ክር ብቻውን ሸፈነው።
"ይኼ ደግሞ ሽንገላ ነው" አለ።
"መንቀጥቀጤ አልቀረም፤ እኔ ነኝ የማላየው።"

ያኔ ሜትሩን አስቀመጥኩ። "ተነሳ፣ እስቲ ልሞክር።"
ምንም አላለም። ቦታ ለቀቀና ተቀመጠ ከቁልቋል ሥር።
ቀለበቱን ወደ መሐል መለስኩ፣ እስከ አሥር፤
ነጥቡ ጎልቶ፣ አየሩ ሳይፈላ፣
የልቤም ምት ከግድግዳ ማዶ እንደሚሰማ የጎረቤት ነገር።
አምስት ተኮስኩ፤ ከመጀመሪያው ልክ፣ እሱ "ተበላሸ" ካለው።
ሄጄ ሳልለካ አወቅኩት፤ ስሙኒ ሸፈነው።

ስሙኒውን ከወረቀቱ አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠ፤
አምስቱን ቀዳዳ በጥፍሩ ዳበሰ።
"ባሩዱስ ደህና ነበር" አለ።
እጁን ኪሱ ከተተ።

ደብተሬ ላይ ክብደቱን ጻፍኩ፤ ቀኑን፤ "አሥር" አልኩ ከጎኑ፤
የማን እጅ እንደነበር አልጻፍኩም፤ ለማን ብዬ? ለምኑ?
ማታ ሞረድ አንስቶ ቀለበቱ ላይ፣ ከአሥሩ አናት፣
አንዲት ጭረት ጫረ፤ ጠመመችበት።
አየ፣ እንደ ማየቴ፤ አላረማት።

የብር ሚዛኑን አሁን እኔ ነኝ የማነሳው።
"ትንፋሽሽን፣ ሰዓዳ" ይላል ከኋላዬ፤ "ቅንጣቱን እንዳይበትነው።"
ማሽላው ሲያሽት፣ ከርከሮ ሲመጣ ምሽቱን ተከልሎ፣
ወደ አራት አዞራለሁ፤ እርሻው ከነድንበሩ ይታያል፣ ምንም ሳይጎድል፣ ተጠቅልሎ።
ጣቴ ግን በዚያች ጭረት ላይ ሲያልፍ
ትንሽ ይሻክረዋል።