እንዳትመጣ፣ ና!

ስሙን እኔ አወጣሁ። «እንዳትመጣ» አልኩት፣
ጋሽ እርገጤ እንዲሰማ፣ አጥሬን ስለገፋት።
ነገር በውሻ ስም መወርወር ነው ወጉ፣
አምስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ሲነፍጉ።

ጠባሴ ነው ቤቴ። ቡችላው ሲመጣ
ኅዳር ነበር፤ ውርጩ ከበረሳ ወጣ።
የጡረታ ስጦታ፣ የፋብሪካ ብርድ ልብስ፣
ጫፏን ቀደድኩለት በርሜል ስር እንዲለብስ።
ደግ ሰው መሰልኩኝ። እስኪነጋ ድረስ።

ሲነጋ ጫማዬን፣ የግራውን፣ በልቷል፤
ዱላዬ በር ኋላ ተገትሮ ቆይቷል።
እኔስ በምን አደግሁ? ፊደሉን ስቆጥር
በየሆሄው መኻል ኩርኩም አልነበር?

ከዚያ ወዲህ፣ «ና!» ስል፣ ሆዱን ካፈር ለጥፎ፣
ከበርሜሉ ኋላ ጅራቱን አጥፎ፣
ዐይኑን ብቻ ይልካል።
ስሙም አትምጣ ነው፣ ዱላውም አትምጣ፤
አንዲት «ና» ብቻዋን ከየት ጉልበት ታምጣ?

ሐመልማል ልጄ ናት፤ አሥራ አንድ ሞልቷታል፤
ከኔ ይልቅ ለእናቷ ማውራት ይቀናታል።
ባዶ ጀሪካኑን ደፍታ ተቀመጠች፣
ቋንጣ ከታትፋ ኪሷ ውስጥ ወሸቀች።
አልጠራችም። ዝም።
አልተቆጣችም። ዝም።
ጀንበር እስክትዘም፣ ጥላ እስኪረዝም።

መጀመሪያ አፍንጫው፣ ቀጥሎ አንድ እግሩ፣
ከዚያ ሙሉ ገላው ወጣ ከነአፈሩ።
በገዛ ፈቃዱ ቂጡ ሲነካ መሬት
«ጎሽ!» አለች፤ ቋንጣውን ሰጠች በዚያው ቅጽበት።

«ጎሽ!»
እኔ ሠላሳ ዓመት ብርድ ልብስ ስሸምን
«ጎሽ» ያለኝን ሰው ልቁጠር ብዬ፣ ማንን?
ጣቴ ሳይታጠፍ መሸ።
እኔስ ማንን አልኩ?

በማግሥቱ እኔም በድብቅ ጓዳ ገብቼ፣
ሰው አየኝ አላየኝ ዙሪያውን ቃኝቼ፣
«ተቀመጥ» አልኩት። ተቀመጠ። ኪሴን
ስጎረጉር፣ ስፈታ፣ ስረግም ቁልፌን፣
እሱ ተነሣ። ሰጠሁት።

ልጄ ከደጅ ቆማ ታየኝ ኖሯል ለካ፦
«አባዬ፣ ዘገየህ። እጅህ ሲነካካ
ውሻው ቆሞ በላ። ያመሰገንከውም
መቆሙን ነው እንጂ መቀመጡን አይደለም።
ሲዘልብህ ደግሞ ዝም በል፣ ጀርባ ስጠው፤
ጩኸትህ ለሱ ጨዋታ ነው የሚመስለው።
አራቱም እግሮቹ ምድር ሲረግጡ ነው
‹ጎሽ!› የሚባለው።»

ይህን ያህል ቃላት ለኔ አውርታ አታውቅም።

አስካለ ቋንጣዋን ብትቆጥር ጎደለ፤
«አይጥ ይሆናል» አልኳት፤ ውሻው ዝም አለ።
ባሥረኛው ቀን ግን፣ ጭነት አህያ አልፎ፣
የተማረውን ሁሉ ጣለው አራግፎ፤
ተከትሎ ሮጠ እስከ አስፋልቱ ድረስ።
እጄ ወደ ዱላው ስትሄድ አየኋት፤
መልሼ ጠራኋት።

ዛሬ ዱላው መስኮት ደግፎ ቆሟል።
ስሙን ግን አልቀየርንም፤ ለምዶታል።
ለሱ ትርጉም የለው፤ እንዲሁ ዜማ ነው፣
ኋላው ቋንጣ ያለው፤
ያውም አሁን አሁን አንዳንዴ ብቻ ነው።

ጥር ላይ ባንድ ማለዳ፣ ሣሩ በረዶ አዝሎ፣
«እንዳትመጣ፣ ና!» አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ።
መጣ እየበረረ፣ እግሬ ስር ተቀመጠ።
«ጎሽ!» ከማለቴ በሩ ሲጥ ሲጥ አለ፤
ጋሽ እርገጤ ነበር፣ በጋቢ እንደ ተጠቀለለ፦
«አንተ ሰው፣ ቁርጡን ንገረኝ!
አምስት ዓመት ሙሉ አትምጣ ስትለኝ፣
ይኸው ሰሞኑን ደግሞ በየጠዋቱ ና አልከኝ።
የቱን ልስማ?»

ውሻው አላጉረመረመም። እኔን አየ።
ሐመልማል በሹክሹክታ፣ ክንዴን ይዛ፦
«አባዬ፣ እንዳትዘገይ።»

ኪሴን ዳበስኩ።