የፉርጎ ልብስ

ሱቄ ጠባሴ ነው፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣
«ጥረዛ፣ ፎቶ ኮፒ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ።
ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ ውርጭ ባነጣው ማለዳ፣
ጋሽ እንግዳሸት መጡ፣ በፌስታል ቋጥረው ዕዳ፤
የቆርቆሮ ባቡር፣ ከነመሪው አራት ፉርጎ፣
ዝገት ቀለሙን በልቶ፣ ሁሉንም አንድ መልክ አድርጎ።

«ልብስ ስፊላቸው» አሉኝ።
«ልብስ ሰፊ እኮ አይደለሁም።»
«ወረቀት ይበቃቸዋል። በዚህ ብርድ ራቁታቸውን አያድሩም።»

በሸመንደፈር ሠላሳ አንድ ዓመት ፍሬን ይዘው፣
ከድሬዳዋ ያመጡት ውርስ ይኸው ብቻ ነው፤
ፈረንጁ አለቃ አገሩ ሲገባ፣ ጓዙን ሲሸክፍ ማታ፣
«ለልጅህ» ብሎ የሰጣቸው፤
ልጅ ሳይመጣ፣ ቁም ሳጥን ላይ የከረመ ስጦታ።

ጨርቅ ላምባ ነከርሁ፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ፤
ዝገቱ እንደ በርበሬ ረገፈ፣ ሁለቴ አነጠስሁ።
ከሥሩ ጥፍር የምታህል አረንጓዴ፣ የጥንቱ ቀለም ቅሪት።
«እሷን አትንኪያት» አሉ። «አውቃታለሁ። ሁለተኛ ማዕረግ ናት።»

ያንን ቀለም ፍለጋ አምስት ጊዜ አተምሁ፤ «ይሄ ጎመን ነው፤
ይሄ የሣር፤ የኛ አረንጓዴ ጭስ የጠጣ ነው፣ ጠየም ያለው።»
ወገቧን በክር ለካሁ፤ መስኮት ሠራሁ፣
ምስር ምስር የሚያህል፣ አሥራ ሁለት በአንድ ጎን።
«ባዶ መስኮት አይሆንም። ልንገርሽ፣ የት ጋ እንደነበረ ማን።

እዚህ ጋ ሻሿ ቢጫ የሆነ ሴት፣ ከኤረር የተሳፈረች፣
ብርቱካን ልጣ ለማታውቀው ሰው ያጎረሰች።
ቀጥሎ ፍየል፤ አፍደም ላይ በመስኮት የገባች፤ ቀንዷን ብቻ ሣዪ፤
ትኬት ስላልነበራት አካሏ አይታይ።
ይሄ ወታደር ነው። ተኝቷል፣ አፉን ከፍቶ።
ሚኤሶ ወራጅ ነበር፤ ቀስቅሰኝ ብሎ አደራ ሰጥቶ፣
ረሳሁት። አዋሽ ደረሰ።
አንዳንድ ሌሊት እስካሁን እቀሰቅሰዋለሁ።»

ሣልሁ። ምስር ላይ ሰው መሣል ዓይን ያስለቅሳል።
የሱቅ ሙጫ ደግሞ በዚህ ብርድ እንደ ሞራ ይረጋል፤
የፉርኖ ዱቄት አፈላሁ፣ እንደ አጥሚት አቅጥኜ፣
ከመሃል ወደ ዳር በአውራ ጣቴ አየሩን ገፋሁ፣ ትንፋሼን አፍኜ።
የመጀመሪያዋ ሆዷ ተነፋ፤ ቀደድኋት።
ሁለተኛዋ ተንሸራተተች፤ ወታደሩ ተዘቅዝቆ ቀረ።
ጋሽ እንግዳሸት ከት ብለው ሳቁ፦
«ተዪው፣ ነቃ! በቃ፣ ነቃ!»

ጎረቤቴ ዳቦ ቤት ምድጃው ጥግ አሰለፍኋቸው እንዲደርቁ፤
«ስንት ነው አንዱ?» አሉኝ፣ ዳቦ ሊገዙ የዘለቁ።

ከሰላድንጋይ የመጣው የእህቴ ልጅ ኪሩቤል አጮለቀ፤
«ምንድነው?»
«ባቡር።»
ልጁ ሳቀ፤
«ባቡርማ ወፍጮ ነው! እኛ ሰፈር አለ፤ ቆሞ ያጓራል፤
እናቴ ስንዴ ይዛ ስትሄድ ዱቄት ያወርዳል።»
«እውነቱን ነው» አሉ፣ መነጽራቸውን በጋቢ እየጠረጉ፤
«የኛም ይፈጭ ነበር።»
ምን ይፈጭ እንደነበር አልነገሩንም።

አራተኛዋ ላይ ወረቀቱ አጠረ። ክሩ ተስቦ ኖሯል፤
ጣት የምታህል ክፍተት፣ ቆርቆሮው ራቁቱን ያፈጣል።
«ጥፋቴ ነው» አልሁ፣ «እንደገና ላትመው፣ በነጻ።»
ፉርጎዋን ወደ ብርሃኑ ያዟት፤ ቆዩ።
«ተዪው። ይሄ በሩ ነው።
ፍሬን ያዥ እዚህ ነው የሚቆመው።
ለኛ መስኮት አልነበረንም።»

የስምንት ገጽ የቀለም ኅትመት ከፈሉ፤ የሊጡን አላስከፈልሁም።
ባጃጅ ሲሳፈሩ መሃሉ ባዶ ነበር፤
እሳቸው ዳር ላይ ተቀመጡ፣
በአንድ እጅ ብረቱን ይዘው፣ በአንድ እጅ ፌስታሉን።

ጥፍሬ ሥር የደረቀ ሊጥ ስፍቅ አመሸሁ።
ተረኛው የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር፤
ሦስት ቅጂ፣ ሰማያዊ ሽፋን፣
ነገ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ።