ጉልቻ ሲለወጥ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ በሲኔሽ ዳርቻ፣
አትላንቲክ ያጓራል፣ የሚሰማው አለት ብቻ።
ግራሲዬት ነቅታለች፤
የበረደ የጎመን ሾርባ በክርኗ ገፍታለች፤
ከመስታወቱ ወዲያ
አምስት መቶ ዲግሪ ሊሞላ ሲል ይበስላል አሞኒያ።

ያንን ድስት የሚሸከሙ
ሦስት ጉልቻዎች አሉ፣ በአንድ ሣጥን የከተሙ፤
ከመዳፍ እምብዛም አይበልጡ፣ አረንጓዴ መብራት ያላቸው፣
«ሀ» እና «ለ» እና «ሐ»፣ ሌላ መጠሪያ የላቸው።
ሙቀቱ አለፈ ወይ? ቫልቩስ ይዘጋ? ሲባሉ፣
ሦስቱም ለየብቻ፣ ሳይመካከሩ ያሰላሉ፤
ከዚያ ድምፅ ይሰጣሉ።
በሁለት ምስክር አፍ ነገር ይጸናል ሲባል የኖረ፣
መሐንዲስ ያንኑ ወስዶ በመዳብ ክር አሳሰረ።

ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሰባት፣
አንደኛው ቀይ አበራ፣ ሳይታሰብ፣ በድንገት።
«አራት መቶ ሰማንያ» አሉ «ሀ» እና «ሐ» ተስማምተው፣
«ስድስት መቶ አልፏል!» አለ «ለ»፣ ብቻውን ቆሞ ከመሃላቸው።
ድምፁ ተሻረ።
ፋብሪካው ነገሬም አላለው፤ እቶኑ እንደ ነደደ አደረ፤
ወደቡ ላይ ያለው መርከብ ጭነቱን አላቋረጠም፣
በከተማው አንድ ሕፃን ከእንቅልፉ አልባነነም።

ቤልሚሮ ከመጋዘን መጣ፣ መለዋወጫውን ይዞ፤
ባንድ ጆሮው ነው የሚሰማ፣ ሌላው ቀርቷል ደንዝዞ።
«ወጣት ሳለሁ፣ ሌላ ፋብሪካ፣
ማሽኑ ያለው አንድ አእምሮ ነበር፤ እሱም ተሳሳተ አንድ ማታ፤
ከዚያ ወዲህ በቀኝ በኩል ዓለም ለኔ ዝምታ።»

የእጅ አንጓዋ ላይ የምድር ሽቦ አሰረች፣
ትንፋሿን ውጣ ሁለቱን ብሎን ፈታች።
በእኛ ተረት፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ
ወጥ አያጣፍጥም። ለማጣፈጥስ አይለወጥ!
እዚህ የሚለወጠው ድስቱ እየፈላ ነው፣
እሳቱም ሳይጠፋ፣ ክዳኑም ሳይነሣ ነው፤
ሁለቱ ድንጋዮች ሸክሙን ይዘው ሲያቃስቱ
ሦስተኛውን ትመዛለች፣ ጠብታ ሳይፈስ ከድስቱ።

አዲሱ እስኪነቃ፣ አራት ደቂቃ ሙሉ፣
ሁለት ብቻ ቀሩ። ሁለት ደግሞ ቢጣሉ
ዳኛ የላቸውም። ግራሲዬት ቆጠረች፣
በአፏ ሳይሆን በጣቷ፣ ጠረጴዛ እየመታች።
ቤልሚሮ ደህና ጆሮውን ወደ ሣጥኑ አዘነበለ፤
ምን ሊሰማ? እንጃ፣ «ልማድ ነው» እያለ።

ከዚያ አረንጓዴ።
አዲሱ ጎረቤቶቹን ጠይቆ፣ ያለፈውን ተምሮ፣
ከመሃል ተቀመጠ፣ እዚያ እንደ ኖረ ሰው ከድሮ።

መዝገቡ ላይ ጻፈች፦ «አንድ ካርድ ተለወጠ። ሌላ አዲስ ነገር የለም።»
የዚህን አጭር ቃል ዋጋ የማለዳው ተረኛ አያውቅም።
አዲስ ነገር የለም!
ስንት ሰው ላቡን አፍስሶበታል፣
ስንት ጆሮ ተከፍሎበታል።

በስድስተኛው ሳምንት
ካርዱ ከአምራቹ ተመለሰ፣ በአረፋ ተጠቅልሎ፣
አንዲት ብጣሽ ወረቀት ከጎኑ አንጠልጥሎ፦
«ተፈተሸ። ጉድለት አልተገኘም።»
ታዲያ ያን ሌሊት ምን አየ?
ቤልሚሮ ትከሻውን ሰበቀ፦ «ከኮከብ የተወረወረ
ቅንጣት ነክቶት ይሆናል፤ አንዲት ዜሮ አንድ ሆና፣ ያው ቃሉን ቀየረ።»
«ይሆናል» አለች፤ ወረቀቷን ግን አልጣለችም።

አምና፣ የቫልቮቹ ጥገና ለጸደይ ይተላለፍ ሲባል፣
በዚያ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ እጅ ሁሉ ሲነሣ፣
የሷ ብቻ ጭኗ ላይ ቀረ።
ቆጠሩ፣ አለፉ። ጸደይም መጣ፣ ምንም አልሆነም።
«ተፈተሸች፣ ጉድለት አልተገኘባትም» የሚል
ወረቀት ግን ማንም አልሰጣት፤ የፈተሻትም የለም።

ካርዱን በእጅጌዋ ጠረገችው፣
ከመደርደሪያው ጥግ ሳይሆን ከፊት አስቀመጠችው፣
ከአዲሶቹ ሁሉ ፊት፣
ተራው የሱ እንዲሆን፣ በሚመጣው ቀይ ሌሊት።