የአንገትጌው ጥግ

አራት ዓመት ሙሉ ዱባይ ነው ያለሁት፣
ከተማውን ግን በወጥ ቤት መስኮት ነው ያየሁት፤
አንድ የሕንጻ ጀርባ፣ አንድ የልብስ ገመድ፣
ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ጭራ የምታህል መንገድ።

ሐሙስ ዕለት መዳም ለሠርግ ሻም ሄደች፣
«ራሚ እዚሁ ነው፣ ምግቡን አትርሺ» አለች።
ሻንጣው ተንኳኩቶ በሩ እንደተዘጋ
ረውዳ ደወለች፦ «ነይ ውጪ! እስኪነጋ
ዱባይን ላሳይሽ፣ አገሩን፣ ሰፈሩን፤
አሸዋ ስትጠርጊ፣ ሳታዪ ባሕሩን
እርጅና ይመጣል።»

ራሚ በሁለት ወጣ፣ እኔ በሦስት ሰዓት።
ሰማያዊ ሸሚዙን ተኩሼ ነው የሰጠሁት፤
የአንገትጌውን ቁልፍ የሰፋሁት እኔ
በጥቁር ክር ነበር፣ ነጭ ቢጠፋኝ፣ ቢዝልብኝ ዓይኔ።

«ታክሲ ውድ ነው» አለች፣ በሜትሮ ገሠገሥን፣
ከምድር ሥር ወጥተን ሪጋ ላይ ደረስን።
ሰው! ለካስ ሰው አለ። እኩለ ሌት ቀርቦ
ጎዳናው ይፈሳል በቋንቋ ታጅቦ፤
ፓኪስታኑ ሰዓት፣ ናይጄሪያው ሽቶ፣
ሴት የታተመበት ካርድ አስፋልቱን ሞልቶ።
ጎንበስ ብዬ ላነሳ ስል ረውዳ መታችኝ፣
«የማሳጅ ነው፣ ተይው!» ብላ ሳቀችብኝ።

ናይፍ ወርቅ ቤቱ ዘግቷል፣ መስኮቱ ይበራል፤
«ማን ይገዛል?» አልኳት። «ለማየት መች ይከፈላል?»
እኔ ግን ገዛሁ፣ ካንድ ሽማግሌ ሕንድ
ነጭ ክር፣ ጥቅልል፣ አንድ ለአንድ ድርሃም፣ አንድ።
ፍሪጅ ሙራር ደግሞ ግድግዳው ያወራል፦
«የታችኛው አልጋ፣ ለሴት ብቻ፣ ይከራያል።»
በአማርኛ! ቆምኩኝ፣ ደግሜ ደጋግሜ
አነበብኩት፣ የተላከልኝ ያህል በራሴው ስሜ።

በአንድ ድርሃም ጀልባ ክሪኩን ተሻገርን፣
የሕንጻው መብራት ውሃው ላይ ሲሰበር ቆጠርን።
ቤንጋሊው ቀዛፊ፣ ሻይ ፉት እያለ፣
እግሩን መሪው ላይ ጭኖ… «ቡርጁ ሥር ሄደሃል?» ብለው
«ከዚህ ይታያል» አለ።
«አንዴ ድገሚኝ» አልኳት። ሄድን፣ ተመለስን።
«ሰትዋስ? ካራማስ?»
«ለሌላ ቀን ይቆይ፤
ጫማው ነክሶኛል፣ አሁን ዳንስ እንይ።»

ሆቴሉ ያረጀ ነው፣ ክለቡ አምስተኛ ፎቅ፤
ሊፍቱ ውስጥ መስታወት፣ አንዲት ሴት ስትሳቀቅ፣
ሻሿን አውልቃለች፣ ከንፈሯ ቀልቷል፤
«ይቅርታ፣ ልለፍ» ልላት አፌ ተከፍቷል።
«ለሴት መግቢያ ነጻ» አለን ጋናዊው ዘበኛ።
ነጻ የተባለን ነገር ይፈራል የኛ
ዓይነት ሰው። ገባን።

ፊሊፒናዋ ዘፋኝ በሰው ቋንቋ ሁሉ
ትዘፍናለች፤ ሕንዱም ሐበሻውም ይላሉ
«የኛ ናት!»
እና በዚያ መሐል፣ ወደ ባሩ ጠጋ፣
አንድ አንገትጌ አየሁ። ሙዚቃው ተዘጋ።
ጥቁር ክር። ነጭ ቁልፍ። ፊቱን ሳላይ ገና
እግሬ በሩን ፈለገ፣ ግን ሰው ቆሟልና
ዘወር አለ ራሚ። አየኝ፣ አየኝ ደህና።

አራት ዓመት ሙሉ ቁርሱን ያቀረብኩት፣
እርጥብ ጨርቅ ይዤ ትኩሳቱን ያበረድኩት፣
ጎንበስ ብሎ ጮኸ በጆሮዬ ጥግ፦
«ሹ ኢስሚክ፣ ያ ሒልዋ?»
ቤት «ሳራ» ይሉኛል፣ የኤጀንሲው ሕግ።
«ሳራ» ልል ነበረ።
«የሻረግ» አልኩት። «የሻረግ።»

«ያ-ሻ… ያሻሪ…» ምላሱ ተሳሰረ፣
«ቆንጆ ስም» አለና ወደ ሌላ ዞረ።

ወደ ቤት ስንመጣ መንገድ ጠራጊው ወጥቶ
የካርዶቹን ሴቶች በመጥረጊያ ገፍቶ
ባካፋ ያፍሳል።
ከራሚ ቀድሜ ገባሁ። ሻሼን አሰርኩ። ሩዙን አሞቅሁ።

ሲነጋ ሸሚዙ ቅርጫት ውስጥ ተጥሏል፣
ሺሻ፣ የሰው ላብ፣ የሪጋን ሌት ይሸታል።
«ሳራ! ውሃ!» አለ ከመኝታ ቤቱ።
«መጣሁ» አልኩት።
ነጩ ክር በኪሴ ነው፣ የናይፉ፣ የትናንት፤
ጥቁሩን ልፈታ መቀሱን አነሣሁት፤
ተውኩት።