አራተኛው ኩርባ

ከኮምቦልቻ ስንወጣ ምንም አላመማት፣
የሜዳው መንገድ ላይ ክንፍ ያላት መሰላት።
ሐረጎ አንደኛው ኩርባ ላይ አሽካካች፣
ሁለተኛው ላይ አፏጨች፣
ሦስተኛው ላይ ድምጿን ዋጠች፣
አራተኛው ላይ፣ ጤፍ የጫነ አይሱዙ አልፏት ሲሄድ፣
መንገድ እንደሰለቻት በቅሎ ቆመች።

ኮሮላ ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣
ደረቷ ውስጥ ግን በትውስት ሳንባ ትኖራለች፦
ገደል ከገባ መኪና የወጣ ቱርቦ፣
በኪሎ ተመዝኖ የመጣ፣ ከዝገት ክምር ተስቦ።

የመካሪ ብዛት!
ጎማ ጠጋኙ «ነዳጅ ጨምርላት»፣
ባትሪ ሞዪው «ካንዴላ ቀይርላት»፣
ሻይ የምትሸጠው ዘምዘም፣ ብርጭቆ እያጠበች፣
«ዓይን ነው የበላት፤ ለምን ቀይ ቀባሃት?» አለች።

ጋሽ ይመር ግን ኮፈኑን ከፍቶ፣ አንድም ሳይናገር፣
የአየር ቱቦዋን በመዳፉ ዳሰሰ፣ እንደ ሕፃን ግንባር፤
ሳብ አደረገና እጁን በሱሪው አበሰ፣
«ትኩሳት አለባት» ሲል ኮፈኑን መለሰ።
«ማጣሪያዋን ከጭስ ማውጫው ጎን በስንዝር አስቀምጠህ፣
የገዛ ምድጃዋን ወላፈን እያስተነፈስካት፣ ሩጪ ትላለህ?

«እኔ በኤንትሬ ፊያት አሰብ ስመላለስ፣
ሚሌን ካለፍን ወዲያ፣ ፀሐይ እስክትመለስ፣
ከጎማው ጥላ ሥር ነበር የምንተኛ፤
ሰው ይመስለው ነበር የደከምን እኛ።
ለሞተሩ ነበር! የቀን አየር ገለባ፣
አፍ ይሞላል እንጂ ሆድ መች ሊገባ።
የሌሊቱ ፍሬ አለው፤ ጥቂት ስበህ ብዙ ታገኛለህ፤
በገለባ እየቀለብካት ዳገት እንዴት ትወጣለህ?»

ሦስት ሳምንት ጋራዡ ውስጥ አደርኩ።
ከጨርቃ ጨርቁ ቦይለር የተጣለ ነጭ መጠቅለያ
በጭስ ማውጫዋ አንገት ላይ ጠመጠምኩ፤
ብናኙ ክንዴን ሲበላኝ ስፎክት አነጋሁ።
የዘይት ቆርቆሮ ቀጥቅጬ
በእሳቱና በአየሩ መሀል ግድግዳ አቆምኩ፤
«በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» የሚለው ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል።
የግራ ፓውዛዋን ነቅዬ በዓይኗ ጉድጓድ ቱቦ ሰደድኩ፣
ንፋስ ፊት ለፊት እንዲገባ።
ኢንተርኩለሩ ከተገለበጠ ሲኖትራክ የተፈታ ነው፤
ስስ ክንፎቹ በረዶ እንደመታው ጤፍ ተጋድመው ነበር፣
በእህቴ በሩቂያ ሚዶ አንድ በአንድ አበጠርኳቸው።
ሚዶው ሁለት ጥርስ አጣ።
ሩቂያ እስካሁን አታናግረኝም።

በአንድ ዓይኗ እያየች፣ ጎህ ሳይቀድ ወጣን።
ጋሽ ይመር ከጎኔ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ መስኮቱን ከፍቶ።
«ዝጋው እንጂ፣ ደረትህ!»
«እሷ አፏን ከፍታ እኔ ልዘጋ?» አለኝ፣ በሳል መሀል ስቆ።

አንደኛው ኩርባ። ሁለተኛው።
ሦስተኛው ላይ የቱርቦው ፉጨት እንደ ክር ቀጠነ።
አራተኛው ላይ እግሬን ተጫንኩ፤
ዳገቱ፣ ወላሂ፣ ገለል አለልኝ።

ደሴ መግቢያ ላይ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ጠበቀን።
ላጠፋ ቁልፉን ስይዝ እጄን ያዘኝ፦
«ተዋት፣ ትንሽ ታንጎራጉር። የሮጠ ሰው ወዲያው አይቀመጥም፤
ሙቀት የሚነሣው ስትቆም ነው።»
ቆይተን ኮፈኑን ከፈትን።
የንፋስ መግቢያው ላይ ጤዛ፤
ከኢንተርኩለሩ ወዲህ ያለው ቱቦ
እንደተረሳ ሻይ ለብ ያለ።
ጮቤ ልረግጥ ስል ሳሉ ጀመረው፣
ጉልበቱን ይዞ እስኪያጎነብስ።
«ሐኪሙ ቆላ ውረድ ብሎኛል» አለ ትንፋሹ ሲመለስ፣
«ይሄ አየር ለሷ ነው ፍሬው፤ ለኔ መርፌ።»

ከዚያ ጋቢውን ሰብስቦ ወደ ሞተሩ ጠጋ አለ፣
ሦስት ሳምንት ሙሉ ስናባርረው የከረምነውን ሙቀት
በሁለት መዳፉ ሞቀው።