የተራበ ሞተር

አዲሱን ማርሚታ ያሰርኩለት ለታ
ሱሉልታ ሰማችኝ፤ ድፍን ሱሉልታ።
«ዝጓል ያ አሮጌው» ብዬ ነው ለሚስቴ፤
ዝገቱስ ሰበብ ነው፣ ድምፁ ነው ምኞቴ።
ለቁራሌው ሸጥኩት፣ በመቶ ሃምሳ ብር፤
እየሳቀ ሄደ፣ ኪሎውን ሲቆጥር።

በሦስተኛው ቀን ግን፣ ገና ሳይነጋጋ፣
ሁለት ጀሪካን ወተት ከኋላ ሳስጠጋ፣
ብረግጠው፣ ብረግጠው፣ ዝም።
ሲነሳም ያስላል፤ ሚኒሞ የለውም።
ነዳጅ ስጨምርለት ቆሞ ያመነታል፣
ብድር እንዳለበት ግራ ቀኝ ያያል።
ዳገቱን ይወጣል! እሱ ነው የገረመኝ፣
እንጦጦ አናት ላይ ምንም አላለኝ፤
ቁልቁል ስወርድ ነው፣ እጄን ስለቅለት፣
ጧ! ጧ! የሚለው፣ እንደ ክላሽ ጥይት።

ሽሮ ሜዳ መውረጃ አንድ ዘበኛ ወደቀ፣
ደረቱን ዳሰሰ፣ ደም አጣበት፣ ሳቀ፣
ከዚያ ሰደበኝ። እኔም አልመለስኩም፤
ደንግጦ የሳቀን ሰው መልሼ አልሰድብም።

ካንዴላ ለወጥኩ። ቤንዚኑን ደፋሁ።
«ውሃ ገብቶበት ነው» አለኝ የጎረቤት ልጅ።
«ዓይን ነው» አለች አማቴ፣
ጤና አዳም አሰረችበት፣ መሪው ላይ፣ በቀይ ክር።
ጤና አዳሙ እየሸተተ ተኮሰ።

ጋሽ ቶሌራ መፍቻ አላነሳም።
«አስነሳው» አለኝ፤ ጆሮውን አዘነበለ።
ሲጋራ ለኮሰ፤ አላጨሰውም፤
ከማርሚታው አንገት፣ ከመጋጠሚያው አስጠጋው፤
ጭሱ አንዴ ተገፋ፣ አንዴ ወደ ውስጥ ተሳበ።
«ጓርኒሲዮኑን፣ አሮጌውን ነው የመለስክበት?»
ዝም አልኩ።
ካንዴላውን ፈታ። ነጭ። የከሰል አመድ።
«የጠገበ ካንዴላ የዳቦ ቅርፊት ይመስላል።
ይኼ ርቦታል፣ ልጄ።
መተንፈሻውን አሰፋህለት፣ ጉርሻው ግን ያው የድሮው፤
እንጦጦ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ በትንሿም ይጠግባል፤
ታች ሲወርድ ግን
ባዶ ሆዱን ያጓራል።»

አዲስ የመዳብ ቀለበት አስገባ፣
ካርቡሬተሩን ከፍቶ የቤንዚኗን ቀዳዳ
አንድ ቁጥር በምትሰፋ ለወጣት፤
ከዚያ በካቻቪቴ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ሩብ ዙር… ቆይ… መልስ… እዛው።
ሞተሩ ትንፋሹ ተመለሰለት።
ለሱ ሦስት መቶ፣ ለቀለበቷ ሰማንያ፤
የዚያን ቀን ወተቱ አርፍዶ ደረሰ፣ ግማሹ ረግቶ።

ዛሬ ጠዋት ቁልቁለቱን ወረድኩ፣
ቀስ ብዬ ለቀቅኩለት። ምንም።
ዘበኛው ግን ከሩቅ አየኝና
ደረቱን ያዘ፣
ገና ሳልተኩስ።